መጀመሪያ ጫማ ፈልጊ

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ጡረተኛ ተብያለሁ። ስሙን ያወጡልኝ ጋሽ ሙዘይን ናቸው። ጀርመን አደባባይ አካባቢ የሴራሚክ ሱቅ አላቸው፤ አሁን የምሠራው እዚያ ነው። ደንበኛ ሲገባ «ሂድ፣ ጡረተኛዋን አናግራት» ይላሉ። በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ጠሩኝና፣

«ሃያት፣ አንቺ ሰው ሲገባ ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው የምታዪው። ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ።

«የድሮ ሥራዬ ነው ጋሼ።»

«ጫማ ትሸጪ ነበር?»

«አልሸጥም። እፈልግ ነበር።»

ሳቁ። «ይሁን። ሴራሚክም የሚረገጠው በእግር ነው» ብለው ተውኝ። ነገሩን እንዲህ በአንድ ቃል መልሼ መተው ግን አልሆነልኝም፤ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ጸሐፊ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ እዚያው የቆምኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም ያየሁትን አይቻለሁ፣ የሠራሁትንም ሠርቻለሁ፤ እኮራበታለሁ ብዬ ብናገር የሚያፍርብኝ ይፈር።

የሠራሁት መጠለያ ውስጥ ነው። «ትማሪያለሽ» ተብለው ከገጠር መጥተው፣ ሰው ቤት ተዘግቶባቸው በግድ ሲሠሩ የተገኙ ልጆች ፖሊስ ካወጣቸው በኋላ ክሱ እስኪያልቅ የሚያርፉበት ቤት ነበር። ላፍቶ ውስጥ ነው፤ ከዚህ በላይ ቦታውን አልናገርም። እንዲህ ያለ ቤት ታፔላ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም።

ስገባ ለሁለት ወር ብዬ ነበር። ከዚያ በፊት ጎፋ ካፌ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ፀጉር ቤት ሠርቻለሁ፣ ሞባይል ጥገና ቤት ካሸር ሆኛለሁ፤ ከሁሉም ተጣልቼ ነው የወጣሁት። እናቴ «አንቺ ልጅ በየፌርማታው ወራጅ አለ ትያለሽ» ትለኝ ነበር። መጠለያው ላይ ግን ዓመታት ቆየሁ። በመጨረሻም የወረድኩት እኔ ብዬ አይደለም። ፕሮጀክቱ ፌዝ አውት ሆነ፣ ዘመኑ አበቃ ተባለ፣ ልጆቹ ወደ ሌላ መጠለያ ተዛወሩ፣ እኛም የሥራ ልምድ ወረቀታችንን ይዘን ተበተንን። ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም። ለደመወዙ ብሎ እዚያ የቆየ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያ ምድቤ በር ላይ ነበር። የቀድሞው ዘበኛ ሲያስረክበኝ አንድ ትልቅ ጓጉንቸር ሰጠኝ። ሳጅን ታደለች አዩት። ሳጅን ከፖሊስ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ አጭር፣ ሞላ ያሉ፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ። ልጆቹን ወደ ጣቢያ፣ ወደ ዐቃቤ ሕግና ወደ ችሎት የሚያጅቡት እሳቸው ነበሩ። እጃቸውን ዘርግተው ጓጉንቸሩን ተቀበሉኝና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«የዚህ ቤት መቀርቀሪያ ከውስጥ ነው» አሉኝ። «መውጣት የፈለገች ትውጣ። አንቺ የምትጠብቂው የሚገባውን ነው።»

«ቢጠፉስ?»

«ቆልፈን ካስቀመጥናቸው ይሄ ቤት ከዚያኛው ቤት በምን ይለያል?»

እውነትም አንዲት ልጅ ወጣች። እስከ ሃና ማርያም ሄዳ፣ ለምሳ ተመለሰች። ሳጅን የት ነበርሽ አላሏትም፤ ሳህን አቀበሏት። እኚህን ሴትዮ ልከተል ብዬ የወሰንኩት ያኔ ነው።

ከበር ያነሳኝ ምላሴ ነው። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ መጥቶ «እህቴን ልወስድ ነው» አለኝ። የአንዷን ልጅ ስም በትክክል ጠራ። ቤቱን እንዴት እንዳገኘው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«እህትህ ናት?»

«የእናቴ ልጅ።»

«የእናትህ ስም ማን ነው?»

ቀና ብሎ ሰማይ አየ። የእናቱን ስም የረሳ ሰው አይቼ ስለማላውቅ፣ ይህንኑ ሰፈሩ እስኪሰማ ነገርኩት። አስፋልቱ ድረስ ተከትዬ ነገርኩት። ስመለስ ሳጅን በረንዳ ላይ ቆመው ይስቃሉ።

«ይሄ ምላስ በር ላይ ብቻ መቅረት የለበትም» አሉ። ከዚያ በኋላ የሳጅን ተከታይ ሆንኩ።

የሳጅን ሥራ ከውጭ ለሚያየው ሰው ልጅ ማጀብ ብቻ ይመስላል። አይደለም። ለምሳሌ ልጅን ወንበር ላይ አስቀምጠው አይጠይቁም። ኩሽና ይወስዷታል፣ ነጭ ሽንኩርት ፊቷ ይዘረግፋሉ፣ እሳቸውም አብረው ይልጣሉ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ልጅቷ ከተናገረች ይሰማሉ፤ ካልተናገረችም ሽንኩርቱ ለወጥ ይሆናል፣ ምንም አልከሰሩም። «ለምን አልጠፋሽም?» የሚለውን ጥያቄ በቤቱ ውስጥ ከልክለውት ነበር። እኔ አንዴ አምልጦኝ ስጠይቅ ሰሙኝና ወደ ጓሮ ጠሩኝ።

«አንቺ ፉሪን ከለቡ የምትለዪው በምንድን ነው?»

«ሰፈሬ ነዋ።»

«ወጥተሽ ስለምታውቂ ነው። እሷ የምታውቀው የገባችበትን በር ብቻ ነው። ጠፍታ ወዴት ትሄዳለች?»

ከቀጠሮ አንድ ቀን በፊት ልጅቷን ወደ ፍርድ ቤቱ እንወስዳታለን። ሳጅን ፈቃድ ጠይቀው ባዶውን ችሎት ያሳዩዋታል። «ነገ አንቺ እዚህ ትቆሚያለሽ፣ ዳኞቹ እዚያ ናቸው፣ ተከሳሽዋ በዚያ በኩል ናት። እኔ ደግሞ እዚህች ጋ ነኝ» ይሉና ሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ሄደው ይቀመጡበታል። «ዓይንሽ ማረፊያ ሲያጣ እኔ ላይ ይረፍ።» ሽንት ቤቱን ያሳዩዋታል፣ ውኃ የሚሸጥበትን ያሳዩዋታል። በማግስቱ ጠዋት ቂንጬ እንጂ ወተት አይሰጧትም፤ የፈራ ሆድ ወተት አይችልም። ይህን የሚያስተምር ኮሌጅ ካለ ልግባ።

ቤት ስንፈትሽ ደግሞ አንድ መመሪያ ነበራቸው፦ «መጀመሪያ ጫማ ፈልጊ።»

ፖሊስ አንድ ልጅ በግድ ትሠራለች የሚል ጥቆማ ሲደርሰው አንዳንዴ እኛንም ይዞን ይሄድ ነበር፤ ልጅቷ ሴት ስታይ ትረጋጋለች ተብሎ። ሰው ልጅ ደብቆ ሲያሠራ ብዙ ነገር ማስመሰል ይችላል፤ ልብስ ያለብሳታል፣ ደህና አልጋ ያሳያል፣ «ልጄ» ይላታል። የውጭ ጫማ ግን አይገዛላትም። የማትወጣ ልጅ ጫማ ምን ያደርግላታል? ማንም ይህን አስቦ አይደብቀውም። ሳጅን በር ላይ ከተደረደረው ጫማ መሃል የልጅቷን ይፈልጋሉ። ከዚያ መቀርቀሪያው በየትኛው በኩል እንዳለ ያያሉ። የምትተኛበትን የሚጠይቁት መጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አልስማማም ነበር። ሕጉን ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። ሴት ወይም ሕፃን አታሎ አምጥቶ ጉልበቱን የበዘበዘ ሰው ከአሥር እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል ይላል፤ መቀጮም አለው። እኔ ይህን ቁጥር ለየልጁ እየዞርኩ መናገር ነበር የምፈልገው። ሳጅን አይፈቅዱም።

«ለምን? ሕግ አይደል?»

«ለዳኛ የተጻፈ ቁጥር ነው። ልጅቷ ትከሻ ላይ አትጫኚው።»

ያልገባኝን ዘነበች አስገባችኝ።

ዘነበች አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከገጠር ያመጣት የእናቷ ወንድም ነው። ሰው ቤት እያስገባ ያሠራታል፣ የሠራችበትን ራሱ ይበላል፤ ቤቴ ልሂድ ስትል በቀበቶ ይመታታል። ለፖሊስ የሰጠችው ቃል ጠንካራ ነበር። ችሎቱን አይታለች፣ የሳጅንን ወንበር አይታለች፣ በማግስቱም ቂንጬዋን ጨርሳ በላች። ፍርድ ቤቱ ግቢ ስንደርስ እናቷ ቆማ ትጠብቃለች፤ አጠገቧ ከሀገር ቤት የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች። እናት ልጇን አቅፋ ሳመቻት። ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር አለቻት። እናት ልጇን አትሳም አይባልም።

ዘነበች ቆመች። «አጎቴ ነው» አለች። «ላስተምርሽ ብሎ ነው ያመጣኝ። አልመታኝም።» ዐቃቤ ሕጉ ፖሊስ ጋ የሰጠችውን ቃል አነበበላት። መሬት መሬቱን እያየች «አላስታውስም» አለች። ሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ሳጅን ተቀምጠው ነበር፤ አንዴም አላየቻቸውም። ሌላ የቀረ ምስክር አልነበረም። ሰውዬው በነፃ ተሰናበተ።

ውጭ እናትዮዋን ያዝኳት። «ልጅሽን ምን አልሻት?»

አልተቆጣችኝም። «ሃያ ዓመት አሉኝ፣ ልጄ። ወንድሜን ሃያ ዓመት። እናቴ ገና በሕይወት አለች እኮ። በየትኛው ፊቴ ነው ቤቷ የምገባው?»

ምላሴ ያን ቀን አልሠራም። ሽማግሌዎቹ ይባስ ብለው መረቁን። ዘነበች እኛ የሰጠናትን ሹራብ እንደለበሰች በእናቷና በአጎቷ መሃል ሆና ወደ ታክሲው ሄደች። ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ጠይቄያለሁ፤ አላውቅም።

በማግስቱ ስገባ ሳጅን ጓሮ የዘነበችን አንሶላ ራሳቸው ያጥባሉ። እኔ ሽማግሌዎቹን መራገም ጀመርኩ። አጠቡ፣ ጨመቁ፣ አሰጡ።

«ሽማግሌ ጠላት አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «እኛ ሕጉን ይዘን ተቀመጥን። እነሱ እግራቸውን አንስተው ቀደሙን። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

ከዚያ በኋላ አሠራራችን ተለወጠ። አንድ ልጅ ስትገባ ከማንም በፊት ወደ ወላጆቿ እንደውላለን፣ ሲቻል እንሄዳለን። ሥራ አስኪያጃችን «የዚህ ነዳጅ እኮ በበጀቱ ውስጥ የለም» አለ። ሳጅን «በበጀቱ ውስጥ ዘነበችም የለችም» አሉት። ከዚያ በኋላ ስለ ነዳጅ አልተነሳም።

አሁን የደግነሽን ልንገራችሁ። ሥራዬን በአንድ ቀን አሳይ ብባል የማሳየው እሷን ነው።

ጥቆማውን የሰጠው ግንበኛ ነበር። ፉሪ ውስጥ አዲስ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ብሎኬት ይደረድራል። ከላይ ሆኖ የጎረቤቱን ግቢ ያያል። አንዲት ልጅ ከንጋት ጀምራ ሳንቡሳ ትጠቀልላለች፣ ትጠብሳለች፤ ሳንቡሳው በባልዲ ተሞልቶ ለየሻይ ቤቱ ይሄዳል፤ ልጅቷ ግን አትሄድም። «እኔ መሠረት ሲቆፈር ጀምሮ እዚህ ነኝ» አለ ለመርማሪው። «ያቺ ልጅ ከበሩ ስትወጣ አይቼ አላውቅም።»

ከመርማሪው ጋር የፍርድ ቤት የብርበራ ፈቃድ ይዘን ሄድን። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ እልፍነሽ ፈገግ ብላ «ግቡ፣ ግቡ» አለች። ለስላሳ ይቅረብ አለች። እንደ እሷ አባባል ደግነሽ የሀገሯ ልጅ ናት፣ እሷም አክስቷ ማለት ናት፣ ልታስተምራት ነው ያመጣቻት።

«ይኸው ዩኒፎርሟ» አለች። ሳሎን ግድግዳው ላይ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ሰማያዊ ሹራብ፣ ሰማያዊ ቀሚስ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ዩኒፎርሙን ሲያይ ልቡ እንደተከፈለ ከፊቱ አነበብኩት። ለመናገር አፌን ስከፍት ሳጅን ክንዴን ነካ አደረጉኝ። ወደ በሩ ሄደው ጎንበስ አሉ።

ምንጣፍ ያለው ቤት ስለሆነ ጫማ በር ላይ ነው የሚወልቀው። የባልየው ቆዳ ጫማ አለ። የሴትየዋ ታኮ አለ። የልጆቿ ስፖርት ጫማዎች አሉ፣ አንዱ መብራት ያለው።

«የደግነሽ የቱ ነው?» አሉ ሳጅን።

እልፍነሽ ነጠላ ጫማ አሳየች። በማስቲሽ የተጣበቀ፣ ዘይት የጠጣ።

«በዚህ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው?»

«ኧረ የትምህርት ቤቱ ተበጥሶባት ነው። ገና ዛሬ።»

«የተበጠሰው ይታይ።»

«ጣልነው።»

ሳጅን አልተከራከሩም። ወደ ልጅቷ ዞሩ። ደግነሽ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ክንዶቿ ላይ ትኩስ ዘይት የተፈናጠረበት ነጠብጣብ እዚህም እዚያም አለ። «ልጄ» አሏት፣ «እዚህ ቤት ውስጥ ያንቺ የሆነ ነገር ካለ አምጪው።»

ወደ ኩሽና ገባች። ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ፌስታል አወጣች። ፌስታሉ ውስጥ ጥቁር ኮንጎ ጫማ ነበር።

«ስመጣ ያደረግሁት ነው» አለች።

«እስቲ አድርጊው።»

አልገባም። ተረከዟ ውጭ ቀረ። መርማሪው ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ዩኒፎርሙን አላየም።

ደግነሽ መጠለያ ገባች። ሳጅን ያንኑ ቀን ወደ አባቷ ወደ አቶ ላምቦሬ ደወሉ። ስልኩን ያነሳ ሰው ግን «አቶ ላምቦሬ ከሽማግሌዎች ጋር አዲስ አበባ እየመጡ ነው» አለን። የእልፍነሽ ወንድም ከእኛ በፊት ደርሷል። እንደገና ቀደሙን። ዓይኔ ላይ የዘነበች ሹራብ መጣብኝ።

ለቡ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ተገናኘን። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። ዋናው ኮት የለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ፣ ቃላቸው የሚደመጥ ሰው ናቸው። አቶ ላምቦሬ ቀጭን፣ ዝምተኛ፤ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን አልነኩትም።

«እህቶቼ» አሉ ዋናው ሽማግሌ፣ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው። እልፍነሽ አጥፍታለች፤ ይቅርታ ትላለች፣ ትክሳለች። ሃያ ዓመት ብትገባ ግን ልጆቿን ማን ያሳድጋል? ይህ ለላምቦሬስ ምን ይጠቅመዋል? አንድ ገበያ ነው የምንውለው።»

ያው ቁጥር። እኔ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ሳጅን ሻያቸውን አማስለው ጠጡ።

«ልክ ነዎት፣ አንድ ገበያ ነው የምትውሉት» አሉ። «እኔ አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ከእርቁ በፊት አባት ልጁን ለብቻው ይያት። ከእልፍነሽ ወገን ማንም አይኑር፣ ከእኛም ማንም አይናገር።»

ሽማግሌው አሰቡ። አባት ልጁን አይይ የሚል ሽማግሌ የለም። «ተገቢ ነው» አሉ።

ደግነሽን ከሻይ ቤቱ ማዶ ባለው ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ያለ አግዳሚ ላይ አስቀምጠናት ነበር። አባትዋን የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። እንዳልናገር ስለታዘዝኩ ርቄ ቆምኩ፤ መስማት ግን ማንም አልከለከለኝም። አቶ ላምቦሬ ግንባሯን ሳሟት። ክንዶቿን አዩ። ደግነሽ ከጎኗ ፌስታሉን አንስታ ሰጠቻቸው።

«አባ፣ ጫማው ጠበበኝ» አለች።

ሌላ ምንም አላለችም። ስለ እልፍነሽ አልተናገረችም፣ ስለ ዘይቱ አልተናገረችም። አባትዋ ኮንጎውን አወጡ። ሶሉን ገልብጠው አዩት። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። የፋብሪካው ጥርስ እንዳለ ነው፤ ልክ እንደተገዛበት ቀን። ሌላኛውንም ገልብጠው ዳሰሱት። ከዚያ ተነሱና ጫማውን እንደያዙ ወደ ሻይ ቤቱ አቀኑ። ልደርስባቸው አልቻልኩም።

ጠረጴዛው ላይ፣ ብርጭቆዎቹ መሃል አስቀመጡት።

«ይህን የገዛሁት እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እልፍነሽ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ ስትለኝ፣ ከተማ ነው፣ መንገዱ ጫማ ይፈልጋል ብዬ። እኛ ዘንድ አንድ ኮንጎ ከክረምት ክረምት አይደርስም። ይኸው። ሁለት መስቀል አልፎታል። መንገድ አልረገጠም።»

ሽማግሌው ጫማውን አንስተው አዩ። ሁለተኛው ሽማግሌም ተቀብለው አዩ። እነዚህ ሰዎች የጫማ ሶል ማንበብ ያውቃሉ፤ ማንም ማብራራት አላስፈለገውም።

«ታዲያ እርቁ...» አሉ ዋናው።

«እርቅ አልጠላም» አሉ ሳጅን። «ከፍርዱ በኋላ ኑ። እኔ ራሴ ከእናንተ ጋር እቀመጣለሁ።»

«ከፍርዱ በኋላማ እርቅ ምን ይሠራል?»

የመለሱት አቶ ላምቦሬ ናቸው። «ያኔ ነው የሚያስፈልገኝ። ከወንድሞቿ ጋር አንድ ገበያ ነው የምውለው አላላችሁም? ጥፋቷን ዳኛ ይይላት። ከወንድሞቿ ጋር ደግሞ እናንተ ታስታርቁኛላችሁ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ይሁን» አሉ። ሕጉ ላይ ያ ቁጥር እንዳለ ነው፤ ማንም አልቀነሰውም። አባትየው ግን እየፈሩት አልነበረም፤ ከትከሻቸው አውርደው ለዳኛ ተዉት። ሳጅን ለዓመታት ይሉኝ የነበረው ያን ሻይ ቤት ውስጥ ገባኝ።

ጫማው ኤግዚቢት ሆኖ ለማስረጃ ተያዘ። ችሎቱ ደግነሽን የሰማት በዝግ ነው፤ እኛ እንድናጅባት ተፈቅዶልን ነበር። ጠበቃው ሥራውን ያውቃል፤ ዩኒፎርሙን አነሳ፣ በሩ ሁልጊዜ አይቆለፍም ነበር አለ። «እንዳትሄጂ የከለከለሽ አለ? ለምን አልሄድሽም?» ሲል ጠየቃት። የሳጅን የተከለከለ ጥያቄ ነው። ደግነሽ ዞር ብላ ሁለተኛውን ረድፍ ጫፍ አየች። ከዚያ ወደ ዳኞቹ ተመለሰች።

«በምን እግሬ?» አለች።

ጠበቃው ሌላ ጥያቄ የለኝም አለ። አባትዋም ተራቸው ሲደርስ ያንኑ ለሽማግሌዎቹ የተናገሩትን ተናገሩ፤ ግንበኛውም መጥቶ ከሦስተኛ ፎቅ ያየውን ተናገረ። እልፍነሽ ጥፋተኛ ተባለች። አሥራ አንድ ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ። ውሳኔው ሲነበብ እንደ ልማዴ እግሯን አየሁ፤ ከማረፊያ ቤት የመጣችው በነጠላ ጫማ ነው። ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ፣ አዘንኩላት ብልም እዋሻለሁ። ልጆቿን እህቷ ወሰደቻቸው። ሳጅንም ቃላቸውን ጠብቀው ሀገር ቤት ድረስ ሄደው እርቁ ላይ ተቀመጡ። ሲመለሱ ጉልበታቸውን እያሹ «ጥሩ እርቅ ነበር፣ አበሉኝ» ከማለት በቀር ያወሩት የለም።

መጠለያው ሊዘጋ ሲል፣ የመጨረሻ ሥራዬ የሆነው ደግሞ ያው ጫማ ነው። አቶ ላምቦሬ ደወሉ። ደግነሽ ቤቷ ገብታ ካቆመችበት ክፍል ትምህርት ቀጥላለች። ይግባኙ ሁሉ ካለቀ ጫማውን ልውሰድ ነው የሚሉት። ከሀገር ቤት ድረስ ለዚህ ብለው መጡ። አብሬያቸው ኤግዚቢት ክፍል ሄድኩ። ፌስታሉን ያወጣልን ሰውዬ አየት አድርጎ፣

«አባቴ፣ ለዚህ ነው ከዚያ የመጡት? አዲስ አይገዙም?» አላቸው።

«ይሄም አዲስ ነው» አሉት። «ምኑ ተነካ?»

ውጭ ስንወጣ እኔ ቀጥታ ጠየቅኋቸው፤ መጠየቅ ነበረብኝ። «ለማን ነው?»

«ለታናሿ፣ ለአስቴር። እግሯ ልኩ ደርሷል።»

«አስቴርንስ አንድ ሰው መጥቶ ከተማ ወስጄ ላስተምራት ቢልዎት?»

ቆሙ። አልተቀየሙኝም። «ትምህርት ቤቱ ከቤታችን ማዶ ነው፣ ወንዙን ተሻግሮ» አሉ። «ሶሉ እስኪያልቅ ትመላለስበታለች።»

«ሲያልቅ ይደውሉልኝ» አልኳቸው። ለቀልድ ነበር፤ ታክሲ ላይ ተሳፍረው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እኔም ተመልሼ ዕቃዬን ሰበሰብኩ።

በቀደም ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ሴትዮ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ሳሳይ ስልኬ ጠራ። አቶ ላምቦሬ ናቸው።

«ሃያት፣ አለቀ።»

«ምኑ?»

«የአስቴር ጫማ። ሶሉ ተበሳ። መሬት ነካች።»

ደንበኛዋን ትቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ለሳጅን ደወልኩ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ስመለስ ጋሽ ሙዘይን ከካሸሩ ጠረጴዛ ላይ ሆነው ያዩኛል።

«ምን ተገኘ?»

«ጫማ አለቀ ጋሼ።»

«ጫማ ሲያልቅ ነው እንዴ የሚሳቀው?»

«ሲያልቅ ነው» አልኳቸውና ወደ ደንበኛዬ ተመለስኩ።